ቡናው ውስጥ የገባው ዱቄት፦ አንድ የጉዳይ ጥናት ከጅማ

ለምን እንደጻፍኩት

ጅማ ውስጥ ትንሽ መድኃኒት ቤት አለኝ። ፋርማሲስት ነኝ፤ ሰው ግን «ዶክተር» ነው የሚለኝ። አይደለሁም ብዬ ተከራክሬ ተከራክሬ ሲደክመኝ ትቻለሁ።

በወር ሁለት ሦስት ሴት፣ ሚስት ወይም እህት ወይም እናት፣ ሰው እስኪቀልል ቆማ ትጠብቅና ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብላ «መጠጥ የሚያስተው ነገር አለ?» ትለኛለች። ወዲያው ደግሞ «ኬሚካል ያልሆነ፣ ከቅጠል ከሥሩ የሆነ» ትጨምራለች። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። አጠጣጥ ላይ የሚሠሩ የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች አሉ፣ በወጉ የተጠኑም አሉ። ግን አንድ ቤት ውስጥ የሆነውን ካየሁ ወዲህ መልሴ ተቀይሯል። አሁን ስለ ዕፁ ከማውራቴ በፊት የሰውየው ጠዋት እንዴት እንደሆነ እጠይቃለሁ።

ባለታሪኩ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። «ስሜን አትጥራ እንጂ ቡናውን ጥራ» ነው ያለኝ።

ሰውየውና አጠጣጡ

አርባዎቹን የጀመረ የቡና ነጋዴ ነው። ከአጋሮ መስመር ከገበሬ እጅ ይሰበስባል፣ ጅማ አምጥቶ ያስረክባል። ፍሬውን በጥርሱ ነክሶ እርጥበቱን ይናገራል ይሉታል፤ እኔም አንድ ቀን አይቼዋለሁ፣ እውነት ነው።

መጠጡ የገባው በጫት በኩል ነው። ከሰዓት በርጫ፣ ማታ ጨብሲ። ለማያውቅ ሰው፦ ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አለ። ምርቃናው ሲያይል እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ያንን ለመስበር ይጠጣል። መጀመሪያ ሁለት ቢራ ነበር። ቆይቶ ቢራው ቀረና አረቄ ሆነ፤ እሱም ዳግም አረቄ። ባለፉት አራት አምስት ዓመታት ደግሞ የጠዋት ያዛ መስበሪያ ተጨመረ። ሁለት መለኪያ ካልቀመሰ እጁ ሲኒ አይዝም። ሚስቱ ባሏ ጠጥቶ ይሁን ሳይጠጣ የምታውቀው ሲኒው ሳህኑ ላይ ሲንቀጫቀጭ ነው። ከተንቀጫቀጨ ገና አልጠጣም ማለት ነው።

ይህችን ሲኒ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ቤተሰቡ ብዙ ሞክሯል። ገንዘቡን ያዙበት፤ በዱቤ ጠጣ። ሽማግሌ ፊት ማለ፤ ሁለት ሳምንት ቆየ። እናቱ ጠበል ወሰዱት፤ እዚያ እስካለ ድረስ ጥሩ ነበር፣ የሚመለሰው ግን ያው ሰፈር፣ ያው በርጫ ቤት ነው።

ከአሜሪካ የመጣው እንክብል

ታናሽ ወንድሙ አሜሪካ ነው። ስለ ኩድዙ አንብቦ አንድ ብልቃጥ ላከ።

ኩድዙ የምሥራቅ እስያ ሐረግ ነው። ቻይናዎች ሥሩን ለመጠጥ ነገር ሲጠቀሙበት ከሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሥሩ ውስጥ ፑየራሪንና ዳይድዚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 የሃርቫርድ ተመራማሪዎቹ ኪውንግና ቫሊ ዳይድዚንን አልኮል በሚወዱ ሃምስተር የሚባሉ አይጥ መሰል እንስሳት ላይ ሞክረው አጠጣጣቸው እንደቀነሰ አሳዩ። በ2005 ደግሞ አሜሪካ ባለው ማክሊን ሆስፒታል ውስጥ 14 ሰዎችን እንደ ሳሎን በተዘጋጀ ክፍል አስቀምጠው፣ ቴሌቪዥን እያዩ የፈለጉትን ያህል ቢራ እንዲጠጡ ፈቀዱላቸው። ኩድዙ ሲወስዱ በአማካይ 1.8 ቢራ ጠጡ። ባዶውን እንክብል ሲወስዱ 3.5። በ2013 በ17 ወንዶች ላይ አራት ሳምንት በፈጀ ጥናትም የሳምንቱ መጠጥ ከ34 እስከ 57 በመቶ ቀነሰ።

ወንድምየው እዚህ ድረስ አንብቧል። ያላነበበው በ2000 የወጣውን ነው። ሥር የሰደደ የአልኮል ሱስ ባለባቸው 38 ታካሚዎች ላይ ኩድዙ ተሞክሮ ምንም ለውጥ አልታየም። በ2005ቱም ጥናት ቢሆን የቀነሰው የተጠጣው ቢራ ነው፤ የመጠጣት አምሮቱ አልቀነሰም።

እኔ ልዩነቱን የማየው እንዲህ ነው። ሳሎን ተቀምጦ ሦስተኛውን ቢራ የሚያዘው ሰው ሌላ ነው፣ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ከቁርስ በፊት የሚጠጣው ሌላ። ለመጀመሪያው የተጠናን ነገር ለሁለተኛው ሰጥቶ ተአምር መጠበቅ አይሆንም።

ለማንኛውም ሰውየው ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ ወሰደው። «ሆዴንም አላመመኝ፣ መጠጡንም አላስጠላኝ» አለ። ብልቃጡ አሁን የእናቱ የጥቁር አዝሙድ መያዣ ሆኗል።

ዱቄቱ

ቀጥሎ ጎረቤት አንድ አዋቂ ጠቆመች። ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ፣ በባህል መድኃኒት የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። ሚስቱ ሄዳ በፌስታል ቁራጭ የተቋጠረ ዱቄት ይዛ ተመለሰች። ቡናማ ነው፣ እርጥብ አፈር አፈር ይሸታል። ጫፉን ቀምሼዋለሁ፤ ምሬቱ ለደቂቃዎች አፍ ውስጥ ይቆያል።

ለባሏ አልነገረችውም። ረቡዕ ቡና አፈላች፣ አቦሉንና ቶናውን ደህናውን ሰጠችው፣ በረካው ላይ ዱቄቱን ጨመረችበት። ሐሙስም እንዲሁ። «በረካው ላይ ማድረጌ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል» ብላኛለች።

ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። ማታ አረቄ ቤት ገብቶ ሦስተኛው መለኪያ ላይ ፊቱ ቀላ፣ ልቡ ደለቀ፣ ከዚያ ማስታወክ ጀመረ። ሐሞት እስኪወጣው አስታወከ። ሦስት ሰዓት ገደማ ደግፈው ቤት አስገቡት። አረቄው ተመርዟል ብሎ ስላመነ ዓርብ ጠዋት ያዛውን አልሰበረም።

ቤቱ ደስ አለው። ደስታው ግን ቀኑን ሙሉ አልቆየም። ከረፋዱ ጀምሮ እጁ ብቻ ሳይሆን ምላሱም ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ሸሚዙ በላብ ራሰ፣ የበር ድምፅ ያስደነግጠው ነበር። እናቱ «መድኃኒቱ እየሠራ ነው፣ መጠጡ እየወጣለት ነው፣ አትንኩት» አሉ። ማንም አልነካውም። ሌሊቱን አልተኛም። ቅዳሜ ሊነጋ ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም፣ ጣለው። ጥርሱን ነክሶ፣ ዓይኑ ተገልብጦ፣ አረፋ ደፈቀ።

ቅዳሜ ጠዋት

ሚስቱ ደወለችልኝ። «ዶክተር፣ ይድረሱልኝ» ብቻ ነው ያለችው። ቤታቸው ቅርብ ስለሆነ በእግሬ ሮጥኩ። ስደርስ መንፈራገጡ ቆሞ ነበር፣ ግን ማን እንደሆንኩ አላወቀኝም። አንዱ ዘመድ ክብሪት አፍንጫው ላይ ሊጭርበት ነበር፤ አስቆምኩት። በጎኑ አስተኛሁትና «ምን ሰጣችሁት?» አልኩ።

ዝም። እናቱ ምራታቸውን አዩ። እሷ ተነሥታ የስኳር ጣሳውን ከፈተች፣ ከስኳሩ ሥር የተቋጠረችውን ፌስታል አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች። አንድም ቃል አልተናገረችም።

ባጃጅ ጠራን። ሦስት ሆነን እሱን በጉልበታችን ላይ አጋድመን ሆስፒታል ደረስን። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ለሐኪሟ ሦስት ነገር ነገርኳት፦ በቀን ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣው ሐሙስ ሦስት ሰዓት እንደሆነ፣ እና ፌስታሉን። ሁለተኛውን ስትሰማ ነው ፊቷ የተለወጠው። ሠላሳ ሁለት ሰዓት አለፈ ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል። ለዓመታት በየቀኑ ሲደነዝዝ የኖረ አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ ራሱን ከልክ በላይ ያነቃቃል። መጠጡ በአንድ ቀን ሲቆም ማደንዘዣው ይሄዳል፣ መነቃቃቱ ይቀራል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንደበጠሰ ሲኖትራክ በለው። መንቀጥቀጡ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። የሚጥለው ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ከሁለተኛው ቀን በኋላ ደግሞ ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚባለው ቅዠት ሊመጣ ይችላል፣ እሱ ካልታከመ ይገድላል። ስለዚህ «መጠጡ እየወጣለት ነው» የሚለው የእናቱ አባባል በአንድ በኩል ልክ ነበር። «አትንኩት» የሚለው ነው ሊገድለው የነበረው።

ዳያዜፓም የሚባለው ማረጋጊያ በደም ሥር ተሰጠው። ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ቲያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1፣ ተወጋ። ይህ ቅደም ተከተል ለወጉ ያህል የሚደረግ አይደለም። ለዓመታት ከምግብ ይልቅ አረቄ የቀመሰ ሰው ቲያሚኑ ተሟጥጧል፣ ያለ እሱ አንጎሉ ዘላቂ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። ከማስታወኩ ብዛት ፖታሲየሙም ወርዶ ነበር፣ ተተካለት።

እሑድ ማታ እኔ ነበርኩ አዳሪ። ብርድ ልብሱ ላይ ጎንበስ ብሎ ቡና ይለቅም ጀመር። የሌለ ቡና። በሁለት ጣቱ እያነሳ ጥቁሩን ወደ ግራ፣ ሰባራውን ወደ ቀኝ ይለያል። ነርሷ ሙቀቱን ልትለካ ስትጠጋ ቀና ብሎ «ይሄ አልደረቀም፣ አልቀበልም» አላት። እሷም ልማድ ሆኖባት ነው መሰለኝ «እሺ፣ ነገ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ» ብላ ክንዱን ያዘችው። ማክሰኞ ጠዋት ራሱን አወቀ። በሰባተኛው ቀን ወጣ።

አዋቂው ዘንድ ሄድን

ሐኪሟ ዱቄቱ ምን እንደሆነ ማወቅ ፈልጋ ነበር። እኔና ሚስቱ ሄድን። እውነቱን ለመናገር እኔ የሄድኩት ልጣላ ነው።

ሽማግሌው ግቢያቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። የሆነውን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙና ወደ ሚስቱ ዞሩ። «ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት ይጠጣል ወይ ብዬሽ አልነበረም?» አሏት። አንገቷን ደፋች። ጠይቀዋታል። ጠዋት ይጠጣል ብላ ብትነግራቸው መድኃኒቱን ይከለክሉኛል ብላ ፈርታ፣ አይጠጣም ብላቸዋለች።

የሥሩን ስም ግን አልነገሩኝም። «የአባቴ ነው» አሉ፣ በቃ። እኔም አልገፋሁም። የማውቀው ይህን ያህል ነው፦ ጉበት አልኮልን በሁለት ደረጃ ይፈጨዋል፣ መካከል ላይ አሴታልዴሃይድ የሚባል መርዛማ ነገር ይፈጠራል። ሁለተኛውን ደረጃ የሚያግድ ነገር የወሰደ ሰው ሲጠጣ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል፣ ያስታውካል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ዴንማርክ ውስጥ ለመጠጥ ማስተው የዋለው ዳይሰልፊራም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ከአንድ የእንጉዳይ ዓይነት የሚገኝ ኮፕሪን የሚባል ንጥረ ነገርም እንዲሁ ያደርጋል። የሽማግሌው ሥር ይህን ያድርግ ወይም ሆድ የሚያጥብ ብቻ ይሁን በምልክት ብቻ መለየት አይቻልም። በሁለቱም መንገድ ግን ለሰውየው ሳይነግሩ መስጠት አደጋ ነው። ዳይሰልፊራም እንኳ ለታካሚው ሳይነገር አይሰጥም። ቲያሚኑም ፖታሲየሙም ባለቀ ሰው ላይ እንዲያ ያለ ማስታወክ ቀልድ አይደለም።

ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ እያልኩ የምንቅ ሰው እንዳልመስል። እንዶድ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል የምናውቀው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው ስላየ ነው። ኮሶ ስንት ሰው አድኗል። ኮሶ ሲጠጣ ግን ማን እንደሚጠጣ፣ ስንት እንደሚጠጣ፣ መቼ እንደሚጠጣ ሁሉም ሰው ያውቃል። የሚጠጣውም ሰው ጭምር።

ከዚያ በኋላ

ሚስቱ በሦስተኛው ሳምንት ስለ በረካው ነገረችው። አንድ ቀን ሙሉ አላናገራትም። በማግሥቱ ወደ እኔ መጥቶ «አንተም ታውቅ ነበር?» አለኝ። አላውቅም ነበር አልኩት። ከዚያ ነው ስለ መድኃኒት መነጋገር የቻልነው።

የአእምሮ ሐኪሙ ናልትሬክሶን አዘዘለት። ይህ እንክብል የመጠጡን ደስታ ያደበዝዛል፣ አያስታውክም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ደግሞ ዘር ማንዘሩ ቢቆጠር እሱም ከዕፅ ነው፤ የሚሠራው ኦፒየም ከሚገኝበት ተክል ከሚወጣ ቴባይን ከሚባል ነገር ነው። ይህን ስነግራቸው እናቱ «ታዲያ መጀመሪያውኑ ይሄን ቅጠል አትነግረንም ነበር?» አሉኝ። ምን ልበል።

ግን ችግር ነበረው። አንደኛ፣ እኔም ጋ፣ የጠየቅኳቸው ሌሎች ሦስት መድኃኒት ቤቶችም ጋ አልነበረም። በማዘዣው ወንድምየው ፈልጎ ሰው ይዞት እስኪመጣ ሰባት ሳምንት ፈጀ። ሁለተኛ፣ ናልትሬክሶን ኦፒዮይድ ከሚባሉት፣ እንደ ሞርፊን ካሉ የሕመም ማስታገሻዎች ጋር አይወሰድም። ጠየቅሁት፣ ከእነዚሁ አንዱ የሆነውን ትራማዶል ለወገቡ ይወስድ ኖሯል። ኬሻ ከማንሳት የመጣ ሕመም ነው። ለማንም አልተናገረም ነበር። ትራማዶል ራሱ ሰውን ሊጥል የሚችል መድኃኒት ነው። ስለዚህ ያን ቅዳሜ የጣለው መጠጡ ብቻ ነው ብዬ አልምልም።

በሰባቱ ሳምንታት ውስጥ የያዘው ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ተራ ነገር ነው። ቁርስ። ከሰዓት በርጫ ቤት በመሄድ ፈንታ መጋዘን መቆየት፤ ምርቃና ከሌለ ጨብሲ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እኔ ጋ መጥቶ ደም ግፊቱን ይለካል። ግፊቱ ሰበብ ነው፣ ሁለታችንም እናውቃለን።

ጥር ላይ የቡና ሒሳብ ሲዘጋ ወደቀ። ሁለት ቀን ጠጣ። በሦስተኛው ጠዋት ሲኒው ሲንቀጫቀጭ ሚስቱ ሰማች፣ ያኔ ግን አልጠበቀችም፣ አልደበቀችም። አብረው ክሊኒክ ሄዱ፣ በመድኃኒት እየታገዘ ቀስ ብሎ ከመጠጡ ወረደ። ናልትሬክሶኑን ሦስት ወር ወሰደ፣ አለቀ፣ ሌላ አላገኘንም። ይህን ስጽፍ ከዚያች ቅዳሜ አሥራ አንድ ወር ሆኖታል። አንድ ሌላ ቀን ደግሞ ሰርግ ላይ ቀምሷል። ጫቱን ቀንሷል እንጂ አልተወም።

ሌላ ቤት የሚጠቅመው

ኩድዙው አልጎዳም፣ አልጠቀመምም። ዱቄቱ ሁለት ቀን አስጠላው፣ ሊገድለውም ነበር። ናልትሬክሶኑ ረድቷል ብዬ አምናለሁ፣ ግን ብቻውን አልነበረም።

ለሚመጡት ሴቶች አሁን የምላቸው አጭር ነው። ጠዋት ሳይጠጣ እጁ ይንቀጠቀጣል? ከዚህ በፊት ሊያቆም ሲል ጥሎት ያውቃል? አንዱ እንኳ አዎ ከሆነ ዕፅም ይሁን እንክብል፣ ቤት ውስጥ በአንድ ቀን አይቆምም። ጤና ጣቢያ ነው። ቅዱስ ቦታም ከሄደ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። የተሰጠው ነገር ካለ፣ ዱቄትም ቢሆን ሥርም ቢሆን፣ ቁራጩን ሳታፍሩ ለሐኪም አሳዩ። ለምን ሰጣችሁ ብሎ የሚጮህ ባለሙያ ቢያጋጥማችሁም አሳዩ። ሌላ የሚወስደውን መድኃኒት፣ በተለይ የሕመም ማስታገሻ፣ አብራችሁ ተናገሩ።

ለሙያ ባልደረቦቼ ደግሞ አንድ ነገር፦ ከአዋቂዎች ጋር አትጣሉ። እኔ ልጣላ ሄጄ የተመለስኩት ስልኬን ሰጥቼ ነው። «እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሲመጣ ዱቄቱን ትተው ይደውሉልኝ» አልኳቸው። ሽማግሌው አልመለሱልኝም፣ ወረቀቷን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ባለፈው ወር አንድ የባጃጅ ሹፌር ሱቄ በር ላይ አቆመ። ከኋላ ወንድሙ ተቀምጧል፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ መካከል አጣብቆ ይዟል፣ ግን ይታያል። «አባባ ናቸው የላኩኝ፣ መጀመሪያ አንተ ጋ ውሰደው ብለውኝ» አለ ሹፌሩ። ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደጠጣ ጠየቅሁ። ትናንት ማታ አለ። ሱቁን ዘጋሁና ከወንድሙ ጎን ገባሁ።